ሩማቶይድ አርትራይተስ፦ ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ

ጠዋት ሲነሱ ጣቶችዎ አልታጠፍ ብለው እንጀራ ለመቁረስ ወይም የልብስ ቁልፍ ለመቆለፍ ይቸገራሉ? ይህ ችግር ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይና ለሳምንታት የዘለቀ ከሆነ ሐኪም ሊያይዎት ይገባል። ብዙ ታካሚዎች «ብርድ ነው» ወይም «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተዉ» እየተባሉ ዘግይተው ይመጣሉ።

ሪህ ሌላ በሽታ ነው። ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች የሚመጣ ሲሆን ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣትን በድንገት ይይዛል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ይጀምርና የሁለቱንም እጆች ጣቶችና አንጓዎች ያሳብጣል። ሥጋ መተው አያድነውም።

የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን ሥራው ተሕዋስያንን መዋጋት ነው። በዚህ በሽታ ግን የራስን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፤ እየቆየም አጥንቱን ይበላል። በሴቶች ላይ ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበዛል። ሲጋራ ማጨስም ተጋላጭነትን ይጨምራል። የሩማቶይድ ፋክተር ምርመራ ኔጋቲቭ ስለሆነ ብቻ በሽታው የለም ማለት አይቻልም።

ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ጥቃቱን ግን አያቆምም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ሕመሙ ሲቀንስ ሰው የዳነ ይመስለዋል፣ አጥንቱ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል። የተጣመመ ጣት ደግሞ በመድኃኒት አይቃናም።

ጥቃቱን ለመግታት በቅድሚያ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ዋናው ሜቶትሬክሴት ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መውሰድ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድን፣ ይምረጡና ቤተሰብም ይወቀው። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል፤ የጉበትና የደም ምርመራም በየጊዜው ይደረጋል። ፅንስን ስለሚጎዳ መውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። «አልሠራልኝም» ብለው በሦስተኛው ሳምንት የሚያቋርጡ አሉ፤ እባክዎ ይታገሡ። እስከዚያው ፕሬድኒሶሎን ከታዘዘልዎ በራስዎ ፈቃድ በድንገት አያቁሙት። ሜቶትሬክሴት እየወሰዱ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣብዎ ግን የቀጠሮ ቀንዎን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።