ኮሌስትሮል፡- ከሚረጋው ዘይት እስከ ማታዋ ክኒን

«ወፍራም አይደለሁም፤ ሥጋም ዓመት በዓል ካልሆነ ቤቴ አይገባም፤ ታዲያ ይሄ ኮሌስትሮል የሚሉት ከየት መጣብኝ?» ይህን ጥያቄ በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች የሚኖሩ ታካሚዎች ደጋግመው ያነሱታል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው በሥጋና በውፍረት ብቻ አያልቅም።

ኮሌስትሮል ሰም መሰል ቅባት ነው። ሰውነታችን የሕዋሳትን ግድግዳ የሚሠራው፣ ሆርሞንና ሐሞት የሚያዘጋጀው በእርሱ ነው። አብዛኛውን የሚያመርተውም የገዛ ጉበታችን ነው፤ ከምግብ የሚገባው ድርሻ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጉበቱ ከደም ውስጥ ኮሌስትሮልን የማጽዳት አቅሙ በዘር ደካማ የሆነ ሰው፣ ቀጭን ሆኖም፣ ቆሎ እየቆረጠመም ኮሌስትሮሉ ሊጨምር ይችላል። ኤል ዲ ኤል የሚባለው ዓይነት ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ ያጠበዋል፤ ውጤቱም የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ኤች ዲ ኤል የሚባለው ደግሞ ትርፉን ወደ ጉበት የሚመልሰው ነው። ትራይግሊሰራይድ ሦስተኛው የደም ቅባት ሲሆን ከስኳር፣ ከአልኮልና ከቦርጭ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይታወቅልኝ። ከፍተኛ ኮሌስትሮል አያምም። ራስ ምታትን፣ የእጅ መደንዘዝን ወይም ድካምን «ኮሌስትሮሌ ተነስቶ ነው» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ እነዚህ ስሜቶች ሌላ ምክንያት አላቸውና ምክንያታቸው ሊፈለግ ይገባል። ኮሌስትሮል ግን ዓመታት ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ይቀመጣል።

የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ በ2015 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ አጠቃላይ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሆኖ የተገኙት ከ100 ሰው አምስት ያህሉ ነበሩ። ኤች ዲ ኤላቸው ዝቅተኛ የሆነው ግን ከግማሽ በላይ ናቸው። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ እንደ ሕዝብ አመጋገባችን ገና ብዙ ያልተበላሸ መሆኑን ነው። ሆኖም አማካዩ ቁጥር የአንድን ሰው ደም አይናገርም። የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ዕድሜው 40 የሞላ፣ ወይም አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የተያዘበት ሰው መመርመር አለበት።

ምርመራውን በተመለከተ ለገጠር ታካሚ የሚጠቅም ዜና አለ። ቀደም ሲል ሁሉም ሰው ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ እንዲመጣ ይታዘዝ ነበር። ዛሬ ግን ለአብዛኛው ሰው ይህ አያስፈልግም፤ ቁርስ በልተው የሚሰጡት ደም በቂ ነው። ከቀበሌው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ለሚመጣ ወይም በአቀስታ አድርጎ ደሴ ድረስ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ምርመራው ሳይበሉ ይደገማል። በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ የኮሌስትሮል ምርመራ ባይኖርስ? የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሠንጠረዥ አለ፤ ዕድሜን፣ ጾታን፣ የደም ግፊትን፣ ማጨስንና የክብደትና ቁመትን ምጣኔ ብቻ ወስዶ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የመያዝ ዕድልዎን ይገምታል። ባለሙያውን ይጠይቁት።

ውጤቱ በእጅዎ ሲገባ አጠቃላዩን ትተው ኤል ዲ ኤል የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ለጤነኛ ሰው በዴሲ ሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን መልካም ነው። ልቡን ታሞ ለሚያውቅ ወይም ስትሮክ ለመታው ሰው ከ70 በታች እንዲወርድ እንፈልጋለን። 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌላ ሕመም ባይኖርም፣ መድኃኒት የሚያስጀምር ነው፤ የልጆችዎንና የወንድም እህቶችዎን ደም ማስመርመርም ያስፈልጋል። አንዳንድ ላቦራቶሪ በሚሊ ሞል ይጽፋል፤ ያን ቁጥር በ38.7 ቢያባዙት ወደ ሚሊ ግራም ይቀየራል።

ዘይቱ፣ ቅቤውና ገብሱ

በሱቅ ከምናያቸው ጽሑፎች ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ በዘይት ጀሪካን ላይ የሚለጠፈው «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚለው ነው። ውሸት አይደለም። ኮሌስትሮል የሚገኘው በእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ስለሆነ ማንኛውም የአትክልት ዘይት ኮሌስትሮል የለውም። ነገር ግን የፓልም ዘይት፣ ያ በደጋው ብርድ ጠዋት ጠዋት ረግቶ የምናገኘው፣ ግማሽ ያህሉ የረጋ ቅባት ነው። የረጋ ቅባት ደግሞ ጉበት ኤል ዲ ኤልን ከደም የሚያነሳበትን መንገድ ያዳክማል። ቅቤ ለጤናዬ ብሎ ትቶ ወጡን በሚረጋ ዘይት የሚያቁላላ ሰው አንዱን የረጋ ቅባት በሌላው ተካ እንጂ ብዙም አላተረፈም። ወጥ ቤትዎ በደጋ ከሆነ መለያው ቀላል ነው፤ በብርድ የሚረጋውን ይቀንሱ፣ ፈሳሽ ሆኖ የሚያድረውን ይምረጡ። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት ከፓልም ይሻላሉ። ዋጋቸው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት መጠኑን ቀንሱ የምለው። ለአንድ ድስት በጭልፋ የሚፈሰው ዘይት በሾርባ ማንኪያ ቢለካ ኪስም ደም ሥርም ይጠቀማል።

ከዚህ ይልቅ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በእጁ ያለውን ሀብት ያህል አለማወቁ ይቆጨኛል። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር አለው። ይህ አሰር በአንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ ሐሞትን ይዞ ይወጣል፤ ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን መውሰድ ኤል ዲ ኤልን ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህን ለማግኘት፣ እንደ ገብሱ ዓይነት፣ ከ60 እስከ 80 ግራም ያልተፈተገ የገብስ ዱቄት ይበቃል፤ በሌሎች አገሮች ሰዎች በውድ ዋጋ የሚገዙት አጃም ሥራው ያው ነው። በሶ በውኃ፣ የገብስ ቂጣ፣ የገብስ ቆሎ ሁሉም ይሆናል። ጭኮ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በቅቤ የታሸው ገብስ፣ ገብሱ የሚሰጠውን ቅቤው መልሶ ይወስደዋል። ጠላም እንደ ገብስ ምግብ አይቆጠርልንም፤ ይህን የምለው ስለምጠየቅ ነው።

ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ በተመሳሳይ መንገድ ይረዳሉ። ተልባም ይረዳል፤ ነገር ግን ተፈጭቶ መሆን አለበት፣ ሳይደቅ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ በምግብ ውስጥ ጥሩ ናቸው፤ የታዘዘ መድኃኒትን ይተካሉ ብሎ የሚነግርዎትን ግን አይስሙ። እንቁላል ከሚወራበት በላይ ተወግዟል፤ ለአብዛኛው ሰው በቀን አንድ ችግር የለውም።

ስለ ጾም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤና ያለ ወተት ሲያልፉ ኤል ዲ ኤል ሊወርድ ይችላል። ታዲያ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ጮማና ቅቤ ከተመለሱ በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በረመዳንም የማፍጠሪያው ሳምቡሳ በፓልም ዘይት ከተጠበሰ ቀኑን ሙሉ የተገኘው ዕረፍት ማታ ይበላል። ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ ሥጋ አትብሉ አልልም፤ የሚታየውን ስብ አውጥቶ መብላት ግን ለሁሉም ቤት ይቻላል።

ቡናችንም አይቀርም። በኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተደረገ ጥናት ቡና አብዝተው በሚጠጡ ሰዎች ደም ውስጥ ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ አገኘ። በኋላ እንደታወቀው ምክንያቱ ካፌስቶል የሚባል የቡና ቅባት ነው፤ ይህ ቅባት በፈላና በወረቀት ባልተጠለለ ቡና ውስጥ ይቀራል። የጀበና ቡናም በወረቀት አይጠለልም። ወሎ ውስጥ ቡና ተዉ የሚል ሐኪም ሰሚ እንደማያገኝ ስለማውቅ የምመክረው ይህን ነው፤ ጀበናው በደንብ ይስከን፣ አተላው ከስኒው አይግባ፣ ኤል ዲ ኤልዎ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ በቀን ሦስቴ አቦል፣ ቶና፣ በረካ መጠጣቱን ወደ አንዴ ያውርዱት።

እንቅስቃሴ በደጋው ለገበሬው አዲስ ነገር አይደለም። ምክሩ ለከተሜው ነው፤ ከቤት ቢሮ በባጃጅ፣ ከቢሮ ቤት በባጃጅ ለሆነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ላብ የሚያመጣ ፈጣን እርምጃ ትራይግሊሰራይድን ይቀንሳል፣ ኤች ዲ ኤልን በመጠኑ ከፍ ያደርጋል፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ያግዛል። ኤል ዲ ኤልን ግን ብቻውን ብዙ አያወርድም። ማጨስ ማቆምና አረቄ መቀነስም የዚሁ አካል ናቸው።

ክኒኑ

ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች መነሻ ሻጋታ ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ አኪራ ኤንዶ በሺህ የሚቆጠሩ ሻጋታዎችን ሲመረምር ቆይቶ እ.ኤ.አ በ1973 ከሩዝ ላይ በተገኘ ሻጋታ ውስጥ ጉበት ኮሌስትሮል እንዳያመርት የሚከለክል ንጥረ ነገር አገኘ። የመጀመሪያው የንግድ ስታቲን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ በ1987 ነው። እ.ኤ.አ በ1994 ይፋ የሆነው የስካንዲኔቪያ ጥናት ደግሞ የልብ ሕመም ያለባቸውን 4,444 ሰዎች ተከታትሎ፣ ሲምቫስታቲን በወሰዱት ዘንድ ሞት በ30 በመቶ መቀነሱን አሳየ።

በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት አቶርቫስታቲንና ሲምቫስታቲን ናቸው። እንደ መጠናቸው ኤል ዲ ኤልን ከ30 እስከ 50 በመቶ ያወርዳሉ፤ ምግብ ብቻውን እዚህ አይደርስም። መጠኑን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው ግን 6 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ «ሁለት ክኒን ልዋጥ» ማለት ትርፉ ትንሽ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ ካለዎት ውጭ ከመግዛትዎ በፊት በጤና ተቋሙ መድኃኒት ቤት ይጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ውጤቱ ሲያምር ክኒኑን በማቆሙ ነው። ኤል ዲ ኤል የወረደው ክኒኑ ስላለ ነው፤ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ስትሮክ መትቶት ለዳነ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሲምቫስታቲን ማታ ይወሰዳል፤ አቶርቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ጿሚ የሆነ ሁሉ ማታ ሊወስደው ይችላል፤ ለጾም ብሎ መድኃኒት የሚያቋርጥበት ምክንያት የለም።

የጡንቻ ሕመም አንዳንድ ሰው ላይ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ መጠን በመቀነስ ወይም ዓይነት በመቀየር ይፈታል። ሕመሙ ከባድ ሆኖ ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ለማርገዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ እናት ሐኪም ሳታማክር አትውሰድ።

የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲኑ ከ20 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። ለጨጓራ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን የታዘዘለት ሰው ከሲምቫስታቲን ጋር አብሮ ሊወስደው አይገባም፤ የጨጓራው ሕክምና እስኪያልቅ ሐኪሙ ስታቲኑን ያስቆመዋል። ሪቶናቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ ሲምቫስታቲን አይሰጠውም። ክኒኑ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ደም ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ከተስተካከለ በዓመት አንዴ ይበቃል። የመጀመሪያውን የውጤት ወረቀት አይጣሉት፤ ደሴም ሆነ አዲስ አበባ ቢሄዱ የሚያክምዎት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እርሱን ነው።