መርዶው የራስ ሲሆን

የከባድ ሕመም ውጤት የተነገረው ሰው ቃሉ ከሐኪሙ አፍ እንደወጣ ሙሉ በሙሉ ይቀበለዋል ብሎ መጠበቅ የሰውን አእምሮ ጠባይ አለማወቅ ነው። ሕመሟ ካንሰር መሆኑ በግልጽ የተነገራት ሴት ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ «የጨጓራዬን መድኃኒትስ ልቀጥል?» ብላ ብትጠይቅ፣ ወይም ናሙናዋ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ እንዳይሆን ብትጠረጥር፣ ነገሩ ስላልገባት ላይሆን ይችላል፤ አእምሮዋ በአንድ ጊዜ የማይሸከመውን እየቆነጠረ በመቀበል ላይ ሊሆን ይችላል።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ምላሽ «የመከላከያ ዘዴ» ይሉታል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1894 ሲግመንድ ፍሮይድ ያነሣው ሲሆን፣ ልጁ አና ፍሮይድ በ1936 ባሳተመችው መጽሐፍ ዘዴዎቹን በየስማቸው ለይታ አብራርታለች። መከላከያ ሰውየው ሳይታወቀው የሚሠራ ነው፤ የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን በ1984 ያብራሩት «መቋቋሚያ» ግን አስቦና አውቆ የሚደረግ ጥረት ሲሆን፣ አንዱ ወገን ችግሩን ራሱን ለመፍታት፣ ሌላው ችግሩ የቀሰቀሰውን ስሜት ለማብረድ ይውላል። የሁለቱ ድንበር በተግባር በመጽሐፍ እንደሚጻፈው የጠራ አይደለም፤ መድኃኒቱን እየዋጠ ጸበል የሚጠመቅ ሰው ጭንቀቱን እየተቋቋመ ነው፣ ሕክምናውን እርግፍ አድርጎ ትቶ «እኔ ምንም የለብኝም» የሚለው ግን ወደ መካድ ተሻግሯል።

መካድም ቢሆን ሁልጊዜ ጭፍን አይደለም። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አቬሪ ዋይዝማን «መካከለኛ ዕውቀት» ያለው ሁኔታ አለ፤ ሕመምተኛው ጠዋት ስለ ኑዛዜው ሲያወራ ቆይቶ ማታ ለከርሞ ስለሚያስጀምረው ቤት ያቅዳል፣ ያውቃልም አያውቅምም። በሐኪሙ የተናደደ ሰው ቁጣውን በነርሷ ላይ ሲያወርድ፣ ሌላው የደም ምርመራውን ቁጥር እያሰላ ፍርሃቱን በዕውቀት ሲሸፍን የሚታየውም ከመከላከያ ዘዴዎቹ ወገን ነው። የአእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ኩብለር ሮስ በ1969 ለሞት ስለተቃረቡ ሕሙማን የጻፈቻቸው አምስት ደረጃዎች፣ ማለትም መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ትካዜና መቀበል፣ ሁሉም በተራ የሚወጣው መሰላል ተደርገው መወሰዳቸው ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ሕሙማን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይመላለሳሉ፣ አንዳንዱን ጨርሶ የማያዩትም አሉ።

በኢትዮጵያ ደግሞ መካዱን ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ በሕመምተኛው ስም ይፈጽመዋል። «ለእሷ እንዳይነግሩብን፣ ከሰማች አትተርፍም» የሚል ልመና ለሐኪሞች እንግዳ አይደለም፤ ምንጩም ክፋት ሳይሆን ርኅራኄ ነው። የመርዶ ልማድም እንዲሁ የሞትን ዜና በድንገት አይጥልም፤ ዘመድና ጎረቤት እስኪሰበሰብ ወሬው ተይዞ ይቆያል፣ ብዙ ጊዜም ማለዳ ላይ፣ የሚደግፍ ሰው ባለበት ይነገራል። ይሁን እንጂ መርዶ ቢዘገይም መነገሩ አይቀርም። ሕመምን እስከ መጨረሻው የሚደብቅ ቤተሰብ ከልማዱ ማዘግየቱን ወስዶ መንገሩን ትቶታል፤ ሕመምተኛዋም ከሹክሹክታውና ከዘመድ መብዛት እውነቱን ጠርጥራ፣ እነሱን ላለማስጨነቅ ስትል ብቻዋን ትይዘዋለች።

ዋልተር ቤይልና ባልደረቦቹ በ2000 ለሐኪሞች ያዘጋጁት ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያም ዜናው ከመነገሩ በፊት ሕመምተኛው የሚያውቀውንና ሊያውቅ የሚፈልገውን መጠን መጠየቅን ያስቀድማል። ስለዚህ ሐኪሙን «አይንገሩብን» ብሎ ከመለመን በፊት፣ ሕመምተኛዋን ራሷን «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ከቤተሰቡ ይጠበቃል።