ኸርብ ካርኔጊና የታላቁ ሊግ በር

በዚህ ገጽ የበረዶ ሆኪን ማንሣታችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ይመስል ይሆናል። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ግን ብዙ አይቸገርም፤ በሩሩ ፈንታ ጠፍጣፋ ክብ ጎማ፥ በሜዳው ፈንታ የረጋ በረዶ፥ በእግርም ስለታም ብረት የተገጠመበት ጫማ ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከ1942 እስከ 1967 ድረስ የሰሜን አሜሪካ ታላቁ ሊግ ስድስት ቡድኖች ብቻ ነበሩት። ለእያንዳንዱ ሃያ ያህል ተጫዋች ብንቆጥር ያለው ቦታ ከ120 እምብዛም አይበልጥም። የቀረው ሁሉ በታችኞቹ ሊጎች ይጫወታል፤ ስድስቱ ቡድኖችም ሰው ሲጎዳባቸው ከዚያ ይጠራሉ፥ ያልረባቸውን ወደዚያ ይልካሉ። ስለዚህ ከታች መጫወቱ ራሱ ነውር አልነበረም፤ ጥያቄው፥ እስከ መቼ? የሚለው ነው።

ካርኔጊ በ1919 ከጃማይካ ከመጡ ወላጆች በቶሮንቶ ተወለደ። የከተማው ቡድን የሜፕል ሊፍስ አለቃ ኮን ስማይዝ፥ ይህን ልጅ ነጭ ለሚያደርግልኝ 10,000 ዶላር እሰጣለሁ ማለቱን በወጣትነቱ ከአሠልጣኙ እንደ ሰማ ካርኔጊ ራሱ ተናግሯል። ቃሉ እንዲያ ነበር ወይስ አልነበረም ብለው የሚከራከሩ አሉ። ለእኛ፥ ጥሪው ከቶ አለመምጣቱ ይበቃናል።

ከወንድሙ ከኦሲ ጋር በቲሚንስ ለወርቅ ማዕድን ቡድን ተጫወተ፤ የእንጀራ ሥራቸውም እዚያው ነበር። ማኒ ማክንታየር ሲጨመር ሦስት ጥቁሮች በአንድ የማጥቃት መስመር ተሰለፉ። በኩቤክ፥ በሸርብሩክ ሳለ፥ ካርኔጊ ሦስት ዓመት በተከታታይ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

በ1948 የኒው ዮርክ ሬንጀርስ ለሙከራ ጠሩት። ከፈተኑት በኋላ በታችኞቹ ቡድኖቻቸው እንዲፈርም ጠየቁት፤ ዋጋውን ደጋግመው ከፍ ቢያደርጉም ሸርብሩክ ከሚከፍለው አልደረሰም። ባለ ትዳርና የልጆች አባት ነበርና እምቢ ብሎ ተመለሰ። ጃኪ ሮቢንሰንስ በ1946 በሞንትሪያል ከታች ጀምሮ የለም ወይ? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሮቢንሰን አለቃ ብራንች ሪኪ ሰውየውን የወሰደው ወደ ላይ ለማውጣት ቆርጦ ነው። ለካርኔጊ እንዲህ ያለ ዋስትና የሰጠው አልነበረም፤ እኛም እምቢታውን ኩራት ነው ለማለት አንደፍርም።

ከ1949 እስከ 1953 ለኩቤክ ኤሴስ ተጫወተ። የዚያ ጓደኛው ዣን ቤሊቮ፥ በኋላ በሞንትሪያል እጅግ የታወቀው፥ ካርኔጊን ከታላቁ ሊግ ያስቀረው ቀለሙ እንደ ሆነ መስክሯል። የሊጉ የመጀመሪያ ጥቁር ተጫዋች ዊሊ ኦሪ ብቅ ያለው በ1958 ነው፤ ካርኔጊ በዚያን ጊዜ ጨዋታውን ትቶ ለልጆች የሆኪ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር።

በ2012 በ92 ዓመቱ ዐረፈ። በ2022 ስሙ በሆኪ የክብር አዳራሽ ገባ፤ የገባው ግን በተጫዋችነት ሳይሆን ጨዋታውን ከገነቡት ሰዎች ተራ ነው።