ብስክሌት ሲያውሱ ዐመሉን ጭምር

በአገራችን በቅሎ የሚያውስ ሰው በቅሎዋን ብቻ ሰጥቶ ዝም አይልም። «ጥላ ስታይ ትደነብራለች፥ ወንዝ ላይ ትለግማለች፥ በስተኋላዋ አትቁም» እያለ ዐመሏን ይነግራል። የሚዋሰውም ሰው ከመቀመጡ በፊት እርካቡን በእግሩ ልክ ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል፤ የኮርቻውንም ማሰሪያ ጐተት አድርጎ ይፈትናል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ብስክሌት ስንዋዋስ ይህን ሁሉ ትተን፥ «ውሰድ»፥ «አመሰግናለሁ» ተባብለን እንለያያለን። ብስክሌት ነፍስ ስለሌለው ዐመል ያለው አይመስለንም።

እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ጓደኛዬና እኔ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን፥ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ወጣን። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ በባሕር ዛፉ መካከል ያለው መንገድ ድጥ ነበር። ዳገቱን እንደ ጨረስን ጓደኛዬ፥ «ቁልቁለቱን በአንተ ብስክሌት ልሞክረው» አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሰጠሁት። በእርሱ ብስክሌት ላይ የፊቱን ፍሬን የሚይዘው ቀኝ እጅ ነው፤ በእኔው ላይ ግን ግራ እጅ ነው። ይህን አልነገርሁትም፤ እርሱም አልጠየቀኝም። በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ የኋላውን የያዘ መስሎት የግራውን እጀታ በኃይል ጨበጠው። የፊቱ ጎማ ቀጥ አለ፤ ጓደኛዬ ግን በመሪው ላይ ዐልፎ ወደ ፊት ሄደ። ብስክሌቱ አንዳች አልሆነም። የተሰበረው ከአንገቱ እስከ ትከሻው ያለው አጥንት ነው።

ያን ጊዜ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ አንዲት እናት ሸክማቸውን ጣሉና መቀነታቸውን ፈትተው ክንዱን ከደረቱ ጋር አሰሩለት። ማን እንደ ሆነ የብስክሌቱ ባለቤት ሲጠይቁ እኔ መሆኔን ነገርኋቸው። «ልጄ፥ ዐመሉን ሳትነግረው ነው እንዴ ቁልቁለት የሰደድኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው።

የተራራ ብስክሌት የሚባለው ወፍራምና ጥርሳም ጎማ፥ ሰፊ መሪ፥ ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽና ጠንካራ ፍሬን ያለው ነው። በብዙዎቹ ላይ የፊቱን ጎማ የያዘው ሹካ በሞላ ወይም በታመቀ አየር እየሰመጠና እየተመለሰ የድንጋዩን ምት ይቀበላል። አመጣጡን ስንመለከት ነገሩ የተጀመረው ከፍሬን ጋር በተደረገ ትግል ነው ለማለት ይቻላል። በ1970ዎቹ (ዘመኑን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር እጠቅሳለሁ) በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ ፌርፋክስ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ጥቂት ወጣቶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ ከባድ አሮጌ ብስክሌቶችን እየሰበሰቡ ከተራራ ላይ ቁልቁል ይለቁ ጀመር። ጥቅምት 21 ቀን 1976 የመጀመሪያውን እሽቅድምድም አደረጉ። መንገዱ ከሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ዝቅታው ግን ወደ 400 ሜትር ይጠጋል። ብስክሌቶቹ የነበራቸው ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ የሚይዝ አንድ ፍሬን ብቻ ነው። ይህ ፍሬን ከሰበቃው ብዛት የተነሣ እጅግ ስለሚግል በውስጡ ያለው ግራሶ ጢስ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ወርደው ሲጨርሱ እምብርቱን ፈትተው አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ሆነባቸው። የመንገዱም ስም ከዚህ የተነሣ «ሪፓክ» ተባለ፤ «እንደ ገና ሙላ» ማለት ነው። በ1977 ጆ ብሪዝ የተባለው ከእነርሱ አንዱ ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ብስክሌት ሠራ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ስፖርቱ በ1996 በአትላንታ የኦሊምፒክ ጨዋታ ውስጥ ገባ።

ግራሶውን ያጨሰው ሙቀት ከየት እንደ መጣ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ብስክሌቱና ጋላቢው በአንድነት 80 ኪሎ ቢመዝኑና 400 ሜትር ቢወርዱ፥ ከከፍታው የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 314,000 ጁል ይሆናል። ይህ ጉልበት አንድ ሊትር የ20 ዲግሪ ውኃ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ለማፍላት ይበቃል፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና። ከዚህ ጉልበት ከፊሉን ነፋሱና መሬቱ ይቀበሉታል፤ የቀረውን ሁሉ የሚሸከመው ፍሬን ነው። ስድስት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ሲሆን የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የእኛም ቁልቁለት እንግዲህ ከሪፓክ አያንስም። ዳገት ላይ የሚፈተነው ሳንባችን ነው፤ ቁልቁለት ላይ ግን የሚፈተነው ያዘጋጀነው ነገር ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ይስማማል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግራና ቀኝ ነው። በአሜሪካና በብዙው የአውሮጳ ክፍል የሚሸጡ ብስክሌቶች የፊቱን ፍሬን በግራ እጅ ያስይዛሉ፤ በእንግሊዝ አገር የሚሸጡት ግን በቀኝ እጅ ያስይዛሉ። ወደ እኛ አገር ያገለገለ ብስክሌት ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ሁለቱም ዐይነት ይገኛል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስለን። ፍሬን ሲያዝ የሰውነታችን ክብደት ወደ ፊት ስለሚያመዝን፥ በደረቅ መሬት ላይ ብስክሌቱን በይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው፤ ነገር ግን በድንገት ቢጨበጥ ጋላቢውን አሽቀንጥሮ የሚጥለውም እርሱ ነው። እጅ ደግሞ ያስለመዱትን እንጂ ያሰቡትን አይሠራም። ስለዚህ ባዕድ ብስክሌት የያዘ ሰው ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ እየነዳ አንዱን ቀጥሎም ሌላውን እጀታ ለየብቻ ይሞክር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ነገር ልክ ነው። የኮርቻውን ከፍታ ለማወቅ፥ ተቀምጠው ተረከዝን በፔዳሉ ላይ ያደርጉና ፔዳሉን ወደ ታች ጫፍ ያወርዱታል፤ ያን ጊዜ ጕልበት ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በውስጥ እግር የፊት ክፍል ሲረግጡት ጕልበቱ ጥቂት እጥፍ ይላል። ይህ ለዳገትና ለሜዳ ነው፤ ለቁልቁለት ኮርቻውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል፥ ሰውነት ወደ ኋላ ለመሸሽ ቦታ ያገኛልና። ረጅም ጓደኛ ሲዋስ ግን የኮርቻውን ዘንግ በላዩ ከተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት በላይ እንዳያወጣው ይጠንቀቅ፤ ዘንጉ ይሰበራል። በአየር የሚሠራ ሹካም ለአንድ ሰው ክብደት የተነፋ ስለ ሆነ፥ 50 ኪሎ ለሚመዝን የተዘጋጀው 80 ኪሎ ለሚመዝን ሲሰጥ እስከ ታች ይሰምጥና ያንገጫግጫል። ሲቀመጡበት ከጠቅላላ እንቅስቃሴው እስከ ሩብ ያህል ቢሰምጥ ደኅና ነው።

ሦስተኛው ማሰሪያዎቹ ናቸው። በብዙ ብስክሌቶች ላይ ጎማው ያለ መፍቻ፥ በእጅ በሚታጠፍ ማሰሪያ ይታሰራል። ይህን ማሰሪያ ብዙ ሰው እንደ ብሎን እያዞረ ያጠብቀዋል፤ ስሕተት ነው። ማሰሪያው ሊታጠፍ እንጂ ሊሽከረከር አልተሠራም፤ ሲታጠፍም በመዳፍ ላይ ምልክት እስኪተው ድረስ መክበድ አለበት። ያለ ድካም ከታጠፈ ላልቷል። ቀጥሎ የፊቱን ጎማ በሁለት ጕልበት መካከል ይዞ መሪውን ለማዞር መሞከር ነው፤ መሪው ለብቻው ከዞረ ብሎኑ ይጥበቅ። በመጨረሻም የፊቱን ፍሬን ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዝወዝ ነው፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ ከመሪው ሥር ያለው ኩሽኔታ ላልቷል ማለት ነው።

አራተኛው የጎማ ንፋስ ነው። ለጭቃና ለድንጋይ የሚሆን ወፍራም ጎማ ካላማዳሪ ያለው ከሆነ፥ መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው ከ25 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ይበቃዋል። ብዙዎቻችን ወደ ጎሚስታ ሄደን ድንጋይ እስኪመስል እናስነፋዋለን። እንዲህ የተነፋ ጎማ በአስፋልት ላይ ይፈጥናል፤ በድጥ ላይ ግን መሬቱን አይዝም፥ ይንሸራተታል። እጅግ ከጐደለ ደግሞ ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተጨፍልቆ ይቀደዳል። የመጨረሻው ልክ በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ማለፍ አይገባም።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ። ጭቃ የጥርሱን መካከል ሲሞላው ጥርሳሙ ጎማ ለስላሳ ጎማ ይሆናል። ቸርኬውን በግራና በቀኝ የሚይዘው የቆየው ዐይነት ፍሬን ሲረጥብ፥ ጎማው ጥቂት ዞሮ ውኃው እስኪጠረግ ድረስ አይዝም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በጭቃ ላይ አስቀድሞ ለስለስ አድርጎ እየያዙ ማድረቅ ያስፈልጋል። በዚያውም ላይ ጭቃው እንደ ሞረድ ሆኖ የፍሬኑን ጎማም ቸርኬውንም ይበላል። የዲስክ ፍሬን ከመሬት ራቅ ስላለ በጭቃ ይሻላል፤ ግን የራሱ ዐመል አለው። ቅባት አይወድም፤ ጥቂት ዘይት ቢነካው ሸራው ኃይሉን ያጣል። ከረጅም ቁልቁለት በኋላም ዲስኩን በጣት የሚነካ ሰው ይቃጠላል።

በድጥ ላይ የአነዳዱ ደንብ እንዲህ ነው። ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትን መቀነስ፥ በመታጠፊያው ውስጥ ግን ፍሬን አለማጥበቅ፤ የፊቱ ጎማ በድጥ ላይ ከቆመ መሪ የለም ማለት ነውና። ሁለቱን ፍሬን በአንድ ወይም በሁለት ጣት ለስለስ አድርጎ መያዝ፤ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርጎ ከኮርቻው ብድግ ማለት፤ ክርንን ማጠፍ፤ ዐይንን ከጎማው ሥር አንሥቶ ወደ ሩቅ ማየት። የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ሥር ሲያጋጥም ቀጥ ብሎ ማለፍ እንጂ በላዩ ላይ መታጠፍ አይገባም። ካልተቻለም ወርዶ መግፋት ነው። ወርዶ የሚገፋውን የሚሥቅበት ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ያልወረደ ብቻ ነው። የራስ ቁር ደግሞ በግንባር ላይ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፥ ማሰሪያውም ይታሰር፤ አንድ ጊዜ በብርቱ የተመታ የራስ ቁር ደኅና ቢመስልም ይለወጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የእንጦጦ መንገድ የእኛ መጫወቻ ብቻ አይደለም። በዚያ የሚወርዱት እናቶችና እኅቶች ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፥ ጐንበስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ወደ ላይ ቀና ብለው ሊያዩን፥ ፈጥነውም ሊሸሹን አይችሉም። ስለዚህ ከሩቅ ድምፅ ማሰማት፥ ፍጥነትን ወደ እግረኛ እርምጃ ማውረድ፥ መንገዱ ጠባብ ከሆነም ወርዶ ማሳለፍ የእኛ ግዴታ ነው። ከብርቱ ዝናብ በኋላም መንገዱ ውኃ አቍሮ ሳለ ብንነዳበት፥ ጎማችን የሚተወው መሥመር በሚቀጥለው ዝናብ ቦይ፥ በኋላም ገደል ይሆናል። አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን መታገሥ ይሻላል።

ሲመለሱ ብስክሌቱን እንደ ነበረ ጭቃውን ተሸክሞ ለባለቤቱ ማስረከብ ነውር ነው። በባልዲ ውኃና በብሩሽ ማጠብ ይበቃል፤ በኃይል የሚረጭ ውኃ ወደ ኩሽኔታው ቢመራ ግራሶውን አጥቦ ጭቃ ያስገባበታል። ካቴናው በጨርቅ ተወልውሎ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረግበታል፤ የተረፈው ይጠረጋል። በጭቃ ላይ ዘይት መጨመር ግን ካቴናውን የሚበላ ሊጥ መሥራት ነው።

ምናልባት፥ «አንድ ብስክሌት ለመዋስ ይህ ሁሉ ሥርዓት ምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። የጠቀስሁት ሁሉ ተደምሮ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጓደኛዬ ክንዱን በአንገቱ አንግቶ የቆየው ስድስት ሳምንት ነው፤ ማስታወሻ ይጽፍለት የነበረውም እኔው ነበርሁ። እንግዲህ የሚያውስ ሰው ሳይጠየቅ፥ የሚዋስም ሰው ሳያፍር፥ እነዚህን አምስት ነገሮች ይነጋገሩ፤ የፊቱ ፍሬን በየትኛው እጅ ነው? ኮርቻው በልኬ ነውን? ጎማዎቹና መሪው ጠብቀዋልን? ንፋሱ ስንት ነው? ሌላስ ዐመል አለውን?

ጓደኛዬ አሁን ድኗል፤ ብስክሌቴንም ደግሞ ተውሶኛል። ቁልፉን ስሰጠው እጁን ወደ ኋላ ሰብስቦ፥ «መጀመሪያ ዐመሉን ንገረኝ» አለኝ። ነገርሁት።