ተነስቶ የሚሄደው የዶርዜ ቤት

ቤቱን ይዞ መጓዝ የሚሻ ሰው በሌላው ዓለም ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው ሞተሩም መኝታውም ባንድ አካል የተሠራ መኪና መግዛት ነው፤ ሰውየው መሪ ጨብጦ የሚነዳው ራሱን ቤቱን ነው። ሁለተኛው ባለው መኪና ላይ ተሳቢ ቤት መቀጠል ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ልዙር ወይስ ይቅርብኝ የሚለው ጥያቄ ባለቤቶቹን ሲያከራክር ይኖራል። የክርክሩ ሥር አንድ ነው፦ ሞተርና ቤት እኩል አያረጁም። ሞተሩ የታመመ ቀን ገና ደህና የሆነው አልጋና ምድጃ አብሮት ጋራዥ ይገባል፤ ባለቤቱም ማደሪያ ያጣል። ተሳቢው ግን ይፈታል። መኪናው ሲደክም ይለወጣል፣ ቤቱ ይቀጥላል።

ይህን ሳስብ ልቤ የሚሄደው ከአርባ ምንጭ በላይ ወዳለው የጋሞ ደጋ ነው። ዶርዜዎች ቶሎ የሚያረጀውን ቆይቶ ከሚያረጀው የመለየቱን ብልሃት ጎማ ሳይኖራቸው አግኝተውታል። ቤታቸው ከመሬቱ ይፈታል፤ ካስፈለገም በሰው ትከሻ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ይህን ቤት ፎቶ ያነሳው ሰው ብዙ ነው፤ ጠባዩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ተሳቢ ቤት ለኢትዮጵያ መንገድም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ኤርስትሪም የሚባለውን የብር ቀለም ያለው ተሳቢ ቤት የሚሠራው ኩባንያ መሥራች ዋሊ ባያም፣ እ.ኤ.አ. በ1959 41 ተሳቢ ቤቶችን አስከትሎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ጉዞ ጀምሮ ነበር። ከኬንያ ተሻግረው በደቡብ በኩል ኢትዮጵያ ገቡ፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተቀብለዋቸዋል። በዚያ ዘመን መንገድ ላይ ተሳቢ መጎተት ምን ያህል ያንገላታ እንደነበር መገመት አያዳግትም። እነርሱ በጎማና በሞተር የደከሙበትን ነገር ዶርዜዎች በረጃጅም እንጨትና በጎረቤት ጉልበት ይሠሩት ነበር፤ ርቀቱ አጭር ቢሆንም።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ፦ ዶርዜ ከጋሞ ሕዝብ አካል አንዱ ነው፤ አገሩ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ዶርዜ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። ሸማኔዎቹን አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሄደ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቤቱ የሚሠራው በየደጃፉ ከሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ነው፤ ክዳኑ ደግሞ የቀርከሃው ግንድ ሲያድግ የሚጥለው ደረቅ ልባስና የእንሰት ኮባ ነው። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል።

አስጎብኚዎች መጀመሪያ የሚያወሩት ዝሆን ይመስላል የሚለውን ነው። እውነትም ይመስላል፤ በሩ ላይ ወደፊት የወጣው ክፍል ኩምቢ፣ ከላዩ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይን ናቸው። በአካባቢው ድሮ ዝሆን እንደነበረም ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ጎብኚው ግን ይህን ሰምቶ፣ ፎቶውን አንስቶ፣ ወደ መኪናው ይመለሳል። እኔን የሚቆጨኝ ይኸው ነው። የቤቱ ቁም ነገር ያለው ማንም ጎንበስ ብሎ በማያየው የታችኛው ጠርዝ ላይ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ውስጡ ግቡና ቀና ብላችሁ እዩ። መሐል ላይ ምሰሶ የለም። በብዙው የአገራችን ክብ ቤት ክዳኑን የሚሸከመው ምሰሶ ነው፤ ግድግዳና ክዳኑም የተለያዩ ናቸው። የዶርዜ ቤት ግን ከመሬት እስከ ጫፍ አንድ ሽመና ነው። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ቆሞ፣ ሌላው በአግድም እየተሸመነበት፣ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ጁዲት ኦልምስቴድ እ.ኤ.አ. በ1972 በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ላይ ስለዚህ ቤት ስትጽፍ በርዕሱ ላይ የቀርከሃ ቅርጫት ብላዋለች። ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። ቅርጫት ምሰሶ አያስፈልገውም፤ ጆሮውን ይዘው ሲያነሱት ሁሉም አካሉ አብሮ ይነሳል።

አሁን ወደ ምስጡ እንምጣ። ስለ ዶርዜ ቤት ከሚነገረው ሁሉ እኔን የሚያናድደኝ "ምስጥ የሚበላው ደካማ ቤት" የሚለው ነው። ይህን የሚሉት የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ናቸው። ምስጥ ይበላዋል፤ እርጥበትም ያበሰብሰዋል፤ ሐሰት አይደለም። ጥያቄው የቱን ነው የሚበላው ነው። የሚያልቀው አፈር ውስጥ የገባው ጫፍ ነው። ጫፉ ሲያልቅ ቤቱ አይወድቅም፤ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ። ሽመናው እንዳለ ስለሆነ አዲሱ ጠርዝ መሬት ይነካና እንደገና ይቆማል። እንዲህ እያለ ቤቱ ከሥሩ እያጠረ፣ ከላይ ግን ጤነኛ ሆኖ፣ ከ60 እስከ 80 ዓመት ይኖራል። ዕድሜውን ማወቅ የፈለገ ሁለቱን ዓይኖች ይመልከት። አዲስ ቤት ላይ ዓይኖቹ ከሰው ራስ በጣም ርቀው ናቸው፤ ባረጀው ላይ ወደ መሬት ወርደው፣ በሩም ጎንበስ ካላሉ አያስገባም።

ምስጡ ለምን ወደ ላይ አይወጣም? ምድጃው ስለማይጠፋ ነው። ጭሱ በሽመናውና በክዳኑ ውስጥ ሰርጎ ነው የሚወጣው። ውስጡ ያለው ቀርከሃ በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ በጥፍራችሁ ብትፍቁት ከሥሩ ቢጫው ይታያል። (እባካችሁ አትፋቁት። ጎብኚ ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ቢፍቅ ምን ይተርፋል?) ይህ ጥቀርሻ የቤቱ ቀለምም መድኃኒትም ነው። ሰው የማያድርበት፣ እሳት የማይነድበት የዶርዜ ቤት ነቀዝ ቶሎ ይገባዋል። ጭሱ ለዓይንና ለሳንባ ጠንቅ መሆኑን አልክድም፤ ምግብ የምታበስለው ሴት ዋጋውን ትከፍላለች። ለዚህም ብዙዎች ማብሰያውን ወደ ሌላ ትንሽ ቤት አውጥተው በትልቁ ቤት ለብርድ ብቻ እሳት ያነዳሉ።

ከብቱም ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ከቀርከሃ ክፍልፋይ ጀርባ፤ ትንፋሹ ለደጋው ብርድ ያግዛል። የዶርዜ ስም በዓለም ምሁራን ዘንድ የታወቀው በከብትና በነብር ወሬ ነው። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው መጽሐፍ፣ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾም ያከብራል ብለው እንደነገሩት፣ ረቡዕና ዓርብም ግን ከብታቸውን እንደ ሌላው ቀን እንደሚጠብቁ ጽፎ ስለ ሰው ልጅ እምነት ብዙ አከራክሯል። ያን ከብት የሚጠብቀው ቤት ግን ያን ያህል አንባቢ አላገኘም።

ጠርዙ ብዙ ካለቀ፣ ወይም ያለበት መሬት በምስጥ ከተወረረ፣ ቤቱ ይነሳል። ሲነሳ አይቻለሁ። በመጀመሪያ ዕቃው ይወጣል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ የውስጡ ክፍልፋይ ይፈታል። ዙሪያውን ያለው አፈር በዶማ ይጫራል፤ የበሰበሰው ጫፍ በገጀራ ይቆረጣል። ከዚያ ረጃጅም እንጨቶች በሽመናው ውስጥ ከአንዱ ጎን ገብተው በሌላው ይወጣሉ፤ በቀርከሃ ልጥም ይታሰራሉ። ጎረቤቱ በደቦ ይሰበሰባል። ግማሹ ውጭ ሆኖ እንጨቱን ይይዛል፤ ግማሹ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። የውስጦቹ ወዴት እንደሚሄዱ አያዩም። የሚመራቸው ፊት ለፊት የቆመ አንድ ሽማግሌ ድምፅ ነው። እርሱ ሲጮህ ሁሉም ባንድ ትንፋሽ ያነሳሉ፤ ቤቱ ይንቋቋል፣ ከጠርዙ ሥር ዙሪያውን ብርሃን ይገባል፣ ከዚያ ክዳኑን እንደለበሰ ይሄዳል። ከሩቅ ላለ ሰው ከቤቱ በታች የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው። አዲሱ ቦታ ላይ ክብ ቦይ ተቆፍሮ ይጠብቃል፤ ጠርዙ እዚያ ይገባና አፈር ይመለስበታል። የድሮው ቦታ ላይ አመድና የምድጃ ድንጋይ ፀሐይ እየመታው ይቀራል። ከብት ያደረበት አፈር ደግሞ ለእንሰት የሚስማማ ነው።

አሁን እንግዲህ የመዞር ጥያቄው በዶርዜም መጥቷል። ጥያቄው ከቀርከሃ ወደ ቆርቆሮ ነው። ሃይዞ በሚባለው የዶርዜ መንደር ውስጥ አንድ አባት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አጫውተውኛል። ልጃቸው ሽሮ ሜዳ ሸማ እየሠራ ገንዘብ ልኮ፣ አሮጌው ይፍረስና ቆርቆሮ ቤት ይሠራልዎት ብሏቸዋል።

"አባባ፣ ቤቱ አርጅቷል እንዴ?" አልኳቸው።

"አባቴ የሠራው ነው" አሉና እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ዘረጉ። "ልጅ ሆኜ ዓይኑ እዚህ አልነበረም፤ ከዚያ በላይ ነበር። ቤቱ ደህና ነው ልጄ። ያለቀው እግሩ ነው።"

"ታዲያ ለልጅዎ ምን ሊሉት ነው?"

"ቆርቆሮውን እፈልገዋለሁ፤ ዝናብ አያስገባም፣ እንግዳም ያከብረዋል። ግን ለምን ይሄን አፈርሳለሁ? ገፋ አደርገዋለሁ።"

እንዳሉትም አደረጉ። ቤቱ በደቦ ተነስቶ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ፊት ለፊት የነበረበት ቦታ ላይ ባለ ቆርቆሮው ቆመ። ማታ የሚተኙት ግን አሮጌው ውስጥ ነው። ጨንቻ የሌሊት ብርድ አለው፤ ቆርቆሮ ሙቀት አይዝም፣ ዝናብና በረዶ ሲወርድበትም ያስተጋባል።

ቆርቆሮን መንቀፌ አይደለም። ቀርከሃውን ለመሸመን የሚችል ሰው እየቀነሰ ነው፤ ወጣቱ ሽመናውን ይዞ ወደ ከተማ ወርዷል፤ ለአንድ ትልቅ ቤት የሚበቃ የበሰለ ቀርከሃም ከሁሉም ደጃፍ አይገኝም። እዚህ ላይ ቀርከሃ ቆራጮችን አንድ ነገር ልውቀስ፦ ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ለሽያጭ ቶሎ ይቆረጣል፤ ለጋ ስለሆነ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ይወደዋል። ከዚያ ቤቱ በአጭር ጊዜ ሲበላሽ ጥፋቱ ለባህሉ ይሰጣል።

ምርጫው የገጠመው ቤተሰብ የሚያየው ሦስት ነገር ነው። ውስጥ ገብቶ ቀና ብሎ ክዳኑ ብርሃን ያሳይ እንደሆነ ይመልከት። ከራሱ በላይ ያለውን ቀርከሃ ቆርቆር ያድርግ፤ ጠንካራ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፣ ከታፈነ ውስጡ ተበልቷል። ሽመናው ላይ እጁን አሳርፎ ይግፋ፤ ሁሉም አብሮ ከተንቀሳቀሰ ማሰሪያው አልላላም ማለት ነው። ላዩ ከቆመ ቤቱ ይነሳ እንጂ አይፍረስ። ላዩ ካለቀ ግን በአዲስ ይሸመን ወይም ይለወጥ፤ የበሰበሰ ሽመና ተሸክሞ መንገላታት ዋጋ የለውም። ያጠረው ቤትም ሥራ አያጣም፤ ለማብሰያ፣ ለከብት ይሆናል።

የመጨረሻ ቃሌ ለሎጅ ሠሪዎች ነው። የዶርዜን ቤት መልክ ወስዳችሁ ለእንግዳ ማደሪያ መሥራታችሁ ያስደስተኛል፤ ለሸማኞቹም ሥራ ነው። የቀርከሃውን እግር ሲሚንቶ ውስጥ ስትቀብሩት ግን ቤቱን ትገድሉታላችሁ። ዝናቡ በግድግዳው ወርዶ ሲሚንቶውና ቀርከሃው በሚገናኙበት ቦታ ይቋጠራል፤ እግሩ እዚያው ይበሰብሳል፣ ዝቅ ማለትም መነሳትም አይችልም። ከመሥራታችሁ በፊት ሃይዞ ወይም ጨንቻ ሄዳችሁ የቤት ሸማኞቹን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ እግሩን አፈር ላይ ተዉት።