ልጅ ይዞ አገር መለወጥ



በዚህ ሳምንት የምናወራው ስለ አንዲት እናት ነው። የክፍላችን ተማሪ ናት። የምትኖረው አሰላ አጠገብ ነው። ፊደል የቆጠረችው በዚሁ ክረምት ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ሴት ልጅ አለቻት። እናት ስትማር ልጅቷ ከእግሯ ሥር በጠመኔ ትጫወታለች።

ባለፈው ሰኞ እናቲቱ ከትምህርት በኋላ ቀረት አለች። ስልኳን አሳየችኝ።

«መምህር፣ ይህን ማንም ሳያነብልኝ እኔው አነበብኩት» አለች።

ወንድሟ የላከው መልእክት ነው። «ነይ። መተሐራ አጠገብ የእርሻ ሥራ አለ። ደመወዙ ደህና ነው። ልጅሽንም ይዘሽ ነይ» ይላል።

በማንበቧ ደስ ብሏታል። ፊቷ ላይ ግን ሐሳብ አለ። ባሏ ከሞተ ዓመት ሆኖታል። የቀራት መሬት ለሁለት ነፍስ አይበቃም። መሄዷ አይቀርም። ጥያቄው «ወዴት?» የሚለው ነው።

«ሦስት ቦታ አለኝ» አለች። «ወንድሜ መተሐራ ነው። አክስቴ አዳማ ናት። አብሮ አደጌ ደግሞ አዲስ አበባ የሰው ቤት ትሠራለች። ለራሴ ቢሆን የትም እሄድ ነበር። ይህችን ይዤ ግን ወዴት ልሂድ?»

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ልጅ አሳድጌ አላውቅም። ስለዚህ «እዚያ ሂጂ» ለማለት አልደፈርኩም። በማግስቱ እሷው ፈቅዳ ነገሩን ለክፍሉ አቀረብነው። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፍን።

አንደኛው ጥያቄ፦ የአገሩ በሽታ ምንድን ነው?

አሰላ ደጋ ነው። ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው። መተሐራ ግን 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም። ወባ የሚበረታው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ከሁሉ የሚያጠቃው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችንና እርጉዞችን ነው። የደጋ ልጅ ደግሞ ደሟ ወባን አልለመደም።

አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። የተወለዱት ወሎ ነው። «በ77 ድርቅ ጊዜ ዘመዶቼ ወደ ጋምቤላ ተወሰዱ። ቆላውን ትችሉታላችሁ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ወባ ስንቱን ጨረሰው!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ፣ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ሰፍሯል። ብዙዎች በበሽታ ሞተዋል። ይህች እናት ግን ጠይቃ ልትሄድ ትችላለች።

ወባ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። አዳማም ቢሆን ወባ አለ። ስለዚህ ልጅ ሌሊቱን አጎበር ውስጥ ትተኛ። ትኩሳት ከያዛት አንድ ቀን ሳያልፍ ጤና ጣቢያ ትወሰድ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ውሃው ከየት ነው?

በስምጥ ሸለቆ ብዙው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይበዛበታል። ውሃው ጥሩ ይመስላል፤ ለዓይን አይታይም። ትንሽ ፍሎራይድ ለጥርስ ይጠቅማል። ሲበዛ ግን ጥርስን ቡናማ ያደርጋል። ለብዙ ዓመት ከተጠጣ አጥንትንም ይጎዳል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ የሚሠራው ገና በሕፃንነት ነው። ስለዚህ ከአዋቂ ይልቅ ልጅ ይጎዳል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ እናት ስትሠራ ልጅን ማን ይይዛታል?

አዲስ አበባ ደጋ ነው፤ ወባ አያሰጋም። ግን ልጅ ያላትን ሠራተኛ የሚቀበል ቤት ጥቂት ነው። ቤት ልከራይ ብትል ኪራዩ ደመወዙን ይበላዋል። «ልጄን ለማን ጥዬ?» አለችና ያንን ቦታ ራሷ ሰረዘችው።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለወንድሟ ጻፈች። ፊደል እየፈለገች ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀባት። «ውሃው ከየት ነው? ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ልጄን ማን ይይዛታል?»

መልሱ ማታ መጣ። «ውሃው የጉድጓድ ነው። ጤና ጣቢያው በእግር ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ቀን እርሻ እውላለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የጎረቤት ልጆች ጥርስ ቡናማ ነው።»

መልሱን ለክፍሉ ጮክ ብላ አነበበች። ዝም ተባለ።

«ገንዘቡስ ያጓጓል» አለች ቆይታ። «ግን ገንዘብ ይገኛል። የልጄ ጥርስ ተመልሶ አይሠራም።»

አዳማን መረጠች። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። አክስቷ ጓሮ አንድ ክፍል አላት። እንጀራ እየጋገሩ በጋራ ይሸጣሉ። ገቢው ከእርሻው ያነሰ ነው። ነገር ግን አንዷ ስትጋግር ሌላዋ ልጅ ትይዛለች። ደግሞ ወዲያው አትሄድም። የወባው ወቅት ካለፈ በኋላ፣ በጥር ትሄዳለች። እስከዚያ ብቻዋን ሄዳ ሰፈሩን አይታ ትመለሳለች።

አንድ ነገር ደግሞ አገኘን። የልጅቷን የክትባት ካርድ አምጥታ አነበበችው። የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያው በ9 ወር ነው። ሁለተኛው በ15 ወር ነው። የሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው።

«ይህ ካርድ ሁለት ዓመት ሙሉ ሣጥኔ ውስጥ ነበር። ለካ ይናገር ነበር!» አለች። ረቡዕ ጠዋት ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ሄደች። እኛም ያን ቀን ትምህርቱን ሳንጀምር ጠበቅናት።

እንወያይ

1. እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ቦታ ትመርጡ ነበር? ለምን?
2. የእናንተ ሰፈር ውሃ ከየት ይመጣል?
3. የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ አንብቡ። ባዶ ቦታ አለ?
4. አገር ለመለወጥ ላሰበ ዘመድ የሚላክ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ሦስት ጥያቄ ይኑርበት።