የዝዋይ ደሴቶችና ያቆዩልን መጻሕፍት

በአራዳ ጊዮርጊስ አስቀድሰው የሚወጡ ቤተ ሰቦች በአደባባዩ የቆመውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ለልጆቻቸው ያሳያሉ። እኛ ደግሞ የንጉሡ ሠራዊት በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የደረሰበትን፥ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን የዝዋይን ሐይቅ እንድታሳዩአቸው እንመክራለን።

ከአምስቱ ደሴቶች በከፍታው የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ በክርስቲያኖች ዘንድ ደብረ ጽዮን ይባላል። ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው በዚህ እንደ ተጠጉ፥ በዚያም 70 ዓመት እንደ ቆየች አበው ይተርካሉ። ትረካውን መመርመር ለሊቃውንቱ ይሁን፤ ለእኛ ዓይናችን ያየው በቅቶናል፤ በኮረብታው ራስ የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፥ ከዚያም በታች ባለው ቤተ ክርስቲያን የተጠበቁት የብራና መጻሕፍት።

እነዚህን መጻሕፍት ያቆዩልን ባለ ጠጎች አይደሉም፤ ዓሣ የሚያጠምዱ፥ በቁልቁለቱ እርከን አበጅተው የሚያርሱ፥ ጋቢና ኩታ የሚሸምኑ የዛይ ሰዎች ናቸው። በውኃ ተከበው ቋንቋቸውንም ሃይማኖታቸውንም ጠበቁ። ዛሬ ብዙዎቹ ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተው ይኖራሉ፤ በደሴቱ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው።

ለመሄድ ያሰባችሁ፥ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሞገድ ያስነሣልና በማለዳ ተሳፈሩ። ብራናውን ካህኑ ሲገልጡት እዩ እንጂ አትንኩ። ልጆችም ከፍርስራሹ ድንጋይ ለመታሰቢያ ብለው እንዳያነሡ ጠብቁአቸው።